ዓይኑን ያልጨፈነው ሰው

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄ ጥያለሁ። ጽፌ ሳነበው ሁልጊዜ ራሴን ደህና ሰው አድርጌ አገኘዋለሁ። አሁን የምታነቡት አራተኛው ነው። በዚህኛው ደህና ሰው አይደለሁም፣ ስለዚህ እውነተኛው ይህኛው ይመስለኛል።

ስሜ ዳዊት ነው። የዳምቦያ ልጅ ነኝ፤ እዚያው አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ነገሩ በተፈጠረበት ጊዜ ሆሳዕና ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በክረምት ፕሮግራም ማስተርሴን እማር ነበር። የክረምት ተማሪ ማለት አሥር ወር ሙሉ ሲያስተምር ከርሞ፣ ሌላው መምህር ሲያርፍ እሱ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በዝናብ ሚኒባስ የሚሳፈር ሰው ነው። ደክሞት ይመጣል፣ ተናዶ ይማራል። እኔ ደግሞ ድሮም ቱግ ማለት ይቀናኛል።

በዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ጋሽ ከድር ነበር። ጋሽ ከድር እዚያው አቅራቢያ የጃጁራ ሰው ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ በዲፕሎማ ተቀጥሮ በዲፕሎማ ያረጀ የላብራቶሪ ቴክኒሻን። ቁልፉ ከኪሱ አይወጣም። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ያጠብኩትን የመስታወት ፍላስክ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና፣

“ይሄ ታጥቧል ነው የምትለው?” አለኝ።

“እኔ እኮ መምህር ነኝ” አልኩት።

“እንግዲያውስ ተማሪዎችህን አላህ ይርዳቸው።”

ሦስት ጊዜ አሳጠበኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታችን እንኳ ንትርክ ሆነ።

አንድ ልማድ ነበረው። ጋዝ የሚያልፍበት ቱቦ ጫፉ ውሃ ውስጥ የሚነከር ከሆነ፣ ውሃው ላይ የማኅተም ቀለም ጠብ ያደርግበታል። ያ ቢሮ ደብዳቤ ላይ የሚመታው ወይን ጠጅ ቀለም ማለቴ ነው። በሌሎች ተማሪዎች ፊት፣ “ለሰርግ ነው እንዴ የምታሸበርቀው?” ብዬ አሳቅኩበት።

አልሳቀም። “ውሃ በቱቦ ወደ ኋላ ሲሳብ ዓይን አያየውም። ቀለም ካለው ያየዋል” ብሎኝ ሄደ።

የመመረቂያ ሥራዬ ምን እንደነበር ሳልነግራችሁ ቀሪው አይገባችሁም፤ አጭር ነው። የሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ የሚያብለጨልጨው ክሮሚየም ስለተቀባ ነው። ክሮሚየም ከሌላ ነገር ጋር ሲዋሃድ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ኤሌክትሮን ይሰጥና ያርፋል፤ ስድስት የሚሰጥበትም ጊዜ አለ። ሁለት ብቻ ሰጥቶ እንዲቆም ማድረግ ግን መከራ ነው። ሁለት ላይ የቆመ ክሮሚየም ሰላም የለውም፤ ሦስተኛውን የሚቀበለው ይፈልጋል፣ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ትንሽ አየር ካገኘው አለቀ። አየር ካላገኘው ግን ውሃ ውስጥ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሶዲየም አሲቴት ከሚባል ጨው ጋር ሲገናኝ ደግሞ ቀይ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀመጣል። እኔ የማጠናው እንዲህ ያሉ፣ ከለመዱት በታች እንዲቆሙ የተገደዱ ብረታ ብረቶችን ነበር።

በቀደመው ክረምት ቀዩን አንድ ጊዜ ሠርቼው ነበር። በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ዕቃውን ከድኜ አማካሪዬን ዶክተር አበራን ልጠራ ሮጥኩ። ስንመለስ ዕቃው ውስጥ ያለው ግራጫ ጭቃ ነበር። ዶክተር አበራ ፎቶውን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

“የጡብ ዱቄት ፎቶ አንስተህ ነው የጠራኸኝ?”

ይህ አባባል ዓመቱን ሙሉ ተከተለኝ። በዲፓርትመንቱ ስሜ “ጡብ” ሆነ። ዶክተር አበራ ውጤቱን እንደማይቀበል በደብዳቤ ገለጸልኝ፤ የመመረቂያ ሥራዬን በምከላከልበት ዲፌንስ ላይ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በምትመጣው ፈታኝ ፊት ዳግም ሠርቼ ካላሳየሁ፣ በሐሰተኛ ውጤት ተከስሼ ከፕሮግራሙ እንደምባረርም ጨመረበት። የተባረረ መምህር ትምህርት ቤቱ ተመልሶ ምን ብሎ ያስተምራል?

እኔ ግን ጥፋተኛውን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ዕቃውን ትቼ ስወጣ ላብራቶሪው ውስጥ የቀረው ጋሽ ከድር ብቻ ነበር። ዕቃውን የከደንኩበትን ቡሽ ነቅሎት ነው አልኩ። በእርግጥ ያን ዕለት ጠዋት፣ “ይሄ ቡሽ ለዚህ ዕቃ አይገጥምም፣ አየር ያስገባል” ብሎኝ ነበር። እኔም፣ “የዲፕሎማ ምክር አልጠየቅኩም” ብዬዋለሁ። ይህችኛዋን ለማንም አላወራሁም።

የዲፌንሱ ቀን ዓርብ ነበር። በእኛ አገር ዲፌንስ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ዘመድ ለብሶ ይመጣል። አባቴ ከዳምቦያ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከአጎቴ ጋር ደረሰ፣ ያችን የእሁድ ጥቁር ኮቱን አድርጎ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ስለ ክሮሚየም ምንም አያውቅም፣ ልጁን ሐሰተኛ እንዳሉት ግን ያውቃል፤ ለእሱ ያ ይበቃዋል።

ፈታኟ ዶክተር ሰናይት ስትገባ ሁሉም ነገር ተጀምሮ እንዲጠብቃት አስልቻለሁ። ትልቁ ፍላስክ ውስጥ ዚንክና የክሮሚየሙ ጨው አለ፤ ከላይ አሲድ ጠብ ይልበታል። ዚንኩና አሲዱ የሚያወጡት ሃይድሮጂን አየሩን ጠርጎ በአንድ ቱቦ ወጥቶ ቀለም ባለው ውሃ ውስጥ ይንተከተካል። ሌላው ቱቦ ወደ ቀዩ መሥሪያ ዕቃ የሚወስደው ነው፤ እሱን በመቆንጠጫ ዘግቼዋለሁ። ፈሳሹ ብርቱካናማ ነበር፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ፈታኟ ወንበር ስትስብ ሰማያዊ ሆነ። የዚያን ሰማያዊ ነገር ማማር አልነግራችሁም።

ጋሽ ከድር ከጠረጴዛው ማዶ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። እንዳይገባ ለምኜ ነበር፤ ዶክተር አበራ ግን “ላብራቶሪው የሱ ነው” አለኝ።

ልክ ልጀምር ስል አባቴ ከወንበሩ ተነሳ።

“ፈጣሪን ሳንጠራ አንጀምርም” አለ። “ዶክተሮች፣ ትፈቅዱልኛላችሁ?”

በሆሳዕና “አልፈቅድም” የሚል ዶክተር የለም። ሁሉም ተነሱ። እኔ ማለት የነበረብኝ ቀላል ነገር ነበር፤ “አባዬ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቆይ፣ ይሄ ነገር አይጠብቅም።” አላልኩም። አባቱን በሰው ፊት ጸሎት የሚያስቆም የዳምቦያ ልጅ እስካሁን አላየሁም። አክብሮት መስሎኝ የአሲዱን መክፈቻ ዘጋሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

አባቴ ሲጸልይ አይቸኩልም። መንገዱን አመሰገነ፣ ዝናቡን አመሰገነ፣ አገር አስተዳዳሪዎችን አነሳ፣ ከምባትኛው ከአማርኛው ጋር ተቀላቀለ። ወደ ጠላቶቼ ሲደርስ ድምፁ ከፍ አለ። “የልጄን ስም ያጠፉትን እጃቸውን ያዝልኝ!” እኔም ከልቤ “አሜን” አልኩ። ያኔ በዓይነ ሕሊናዬ የማየው የማንን እጅ እንደነበር መገመት አያቅታችሁም።

“አሜን” ተብሎ ዓይኔን ስገልጥ የጋሽ ከድር እጅ ቱቦዬ ላይ ነው።

የሃይድሮጂኑን መውጫ በመቆንጠጫ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። ሁለቱም ቱቦ ተዘጋ ማለት ነው። ጋዝ የሚሠራ ዕቃ መውጫው ሁሉ ከተዘጋ ይፈነዳል፤ ይህን ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

“አንተ!” ብዬ ጮህኩ። በዕድሜው አባቴን የሚሆን ሰው ነው። ዘልዬ እጁን መታሁት፣ ደረቱን ይዤ ከመደርደሪያው ጋር አጋጨሁት። “ሊያፈነዳው ነው! እኛ ስንጸልይ ዓይኑን ገልጦ ሊያፈነዳው ነው! አምናም እሱ ነው! እነዚህ ሰዎች መቼም…”

ያን ዓረፍተ ነገር አልጨረስኩትም። መጨረስም አላስፈለገኝም፤ ምን ልል እንደነበር እሱም፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውም ሁሉ ገብቶታል። ከድር ሙስሊም ነው። እኛ ስንጨፍን እሱ የሚጨፍንበት ምክንያት አልነበረም፤ ሰውዬው ዝም ብሎ ሥራውን እያየ ቆሞ ነበር።

“ቱቦውን እየው” አለኝ ቀስ ብሎ። “ቱቦውን እየው፣ ከዚያ ትናገራለህ።”

“ውጣ!” አለው ዶክተር አበራ። “አሁኑኑ ቁልፉን አስቀምጥና ውጣ!”

አጎቴ በሩን ከፍቶ ይዞ ቆመ። ጋሽ ከድር ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ አልወረወረውም። ወጣ።

መቆንጠጫውን ልፈታ ጎንበስ አልኩ። ያኔ አየሁት። ደረቅ መሆን የነበረበት የመስታወት ቱቦ ውስጡ ወይን ጠጅ ሆኗል። ቀለሙ ከውሃው ዕቃ ተነስቶ፣ የቱቦው መታጠፊያ ጋ ዞሮ፣ ከመቆንጠጫው ሁለት ጣት ሲቀረው ቆሟል። አሲዱን ስዘጋ ጋዙ ቆመ፣ የሚፈነዳም ነገር አልነበረም፤ ይልቅስ ፍላስኩ ቀዘቀዘ፣ ውሃውን ወደ ኋላ መሳብ ጀመረ። አባቴ አገር አስተዳዳሪዎች ላይ ሲደርስ ውሃው እየወጣ ነበር። ከውሃው ኋላ አየር ነው የሚመጣው። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን እሱ ብቻ ስላየ ዘጋው። ያን መቆንጠጫ ባይዘጋው ኖሮ፣ ከአሜን በኋላ ዓይኔን የምገልጠው ሰማያዊው ጠፍቶ ወደ አረንጓዴ የተመለሰ ውሃ ላይ ነበር።

“ምን አድርጎት ነው?” አለች ዶክተር ሰናይት ከኋላዬ።

“ዘግቶት ነበር” አልኳት።

ያልኳት ቃል ትክክል ነበረች። እንደዚያች ቃል ያለ ውሸት ግን በሕይወቴ አልዋሸሁም።

አሲዱን ከፈትኩ፣ ጋዙ ተነሳ፣ የቀዩን መንገድ ፈታሁለት። ሰማያዊው ፈሳሽ በጋዙ ግፊት ተሻግሮ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ሲወድቅ እንደ በርበሬ የቀላ ዝቃጭ ሆነ። ዶክተር ሰናይት ጥቂት አውጥቼ ወረቀት ላይ እንዳደርግላት አዘዘችኝ። እያየነው ቀዩ ደበዘዘ፣ ግራጫ ሆነ። “የጡብ ዱቄት እንዲህ አያደርግም” አለች፣ ዶክተር አበራን ቀና ብላ እያየች። አባቴ እንባውን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። እኔም አለቀስኩ፤ ሁሉም የደስታ መሰላቸው። በጥሩ ውጤት አለፍክ ተባልኩ። ቱቦውን ግን ማንም ሳያየኝ አጠብኩት። ሦስት ጊዜ።

ጋሽ ከድር ከሥራ ታግዶ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበ። ዶክተር አበራ ሰኞ ዕለት ምስክርነቴን በጽሑፍ እንድሰጥ ነገረኝ፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የጣለ ሠራተኛ ከመባረርም አልፎ ይከሰሳል አለኝ። “እሺ” ብዬ ዳምቦያ ገባሁ።

እሁድ አባቴ በቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ማይክ ያዘ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ወደ መንገዱ የዞረ ነው፤ ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይሰማል። ጌታ ልጁን ከጠላት እጅ እንዴት እንዳዳነው ተናገረ። “በጸሎት መካከል ሊያጠፋን የተነሳውን እጅ ጌታ ያዘው!” አለ። በስሙ ጠራው፣ የጃጁራ ሰው መሆኑንም ተናገረ። ሕዝቡ ሃሌ ሉያ አለ። እኔ ፊተኛው ረድፍ ተቀምጫለሁ። ሰው እየዞረ ያየኛል፣ ይስቅልኛል። ወጥቼ ከአጥሩ ጥግ አስመለሰኝ። እናቴ የሆሳዕና ምግብ ነው አለች።

ሰኞ ኮሚቴው ፊት የቀረብኩት ሌላ ወረቀት ይዤ ነው። ቀለሙን፣ ቱቦውን፣ እሱን መምታቴን፣ ቱቦውን ማጠቤን ሁሉ ጽፌ ፈረምኩ። ዶክተር አበራ ኮሪደር ላይ አገኘኝ።

“አብደሃል? አልፈሃል እኮ! ከእንግዲህ ስሜን ከሥራህ ላይ አውጣ። ሐሰተኛ ነህ ስልህ ልክ ነበርኩ፤ ቦታውን ብቻ ነው የተሳሳትኩት።”

እስካሁን አያናግረኝም። ይህን ግን ልክ ነው የተናገረው።

ከሰዓት በኋላ ጃጁራ ሄድኩ። ጋሽ ከድርን ከቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ግባ አላለኝም። የጃጁራ ሰው በሩ ላይ የመጣን እንግዳ ግባ ካላለ፣ ከዚያ ወዲያ ስድብ አያስፈልግም።

“ለኮሚቴው ነገርክ አሉ” አለ።

“አዎ፣ በጽሑፍ። ጋሽ ከድር፣ እግርህ ላይ ልውደቅ…”

“እንዳትወድቅ። ጎረቤት ያያል። ቀለሙን ያየኸው መቼ ነው?”

ማታ ነው፣ በኋላ ሳስበው ነው፣ ብዙ መልስ ነበረኝ። “ወዲያው” አልኩት።

“ወዲያው” አለ እሱም። ራሱን ነቀነቀ። “እኔ እኮ ሳያየው ቀርቶ ነው ብዬ ነበር። ለሚስቴም እንደዚያ ነው የነገርኳት።”

በሩን በእጁ ይዞ ቀጠለ።

“የእህቴ ባል ዳምቦያ ይነግዳል። እሁድ ስሜን በማይክ ሰምቶ ነው ሮጦ የመጣው። ደብዳቤህ ኮሚቴው ቢሮ ነው ያለው፤ ዳምቦያ አይሰማም። በማይክ የወጣው በማይክ ይመለስ። እሁድ መጥቼ መንገዱ ላይ እቆማለሁ።”

“ከዚያ ይቅር ትለኛለህ?”

“አላልኩም” ብሎ በሩን ዘጋ።

ለአባቴ ስነግረው ሳምንቱ ሁሉ ጦርነት ሆነ። “ከዶክተሮች ፊት አስከብሬህ አንተ ከሕዝቤ ፊት ታዋርደኛለህ? ጌታን ውሸታም ልታደርገው ነው?” አለ። ያን ጊዜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ ጮህኩ። “ጌታ እጅ ልኮልን ነበር! እኛ ነን የመታነው!” አባቴ ሁለት ቀን ከእኔ ጋር አልበላም። ቅዳሜ ማታ፣ “ማይኩን አሰጥሃለሁ፤ የሚናገረው ግን አፍህ ነው” አለኝ።

እሁድ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ያልጨረስኩትን ዓረፍተ ነገርም ጨረስኩት፤ ምን ልል እንደነበር። ሃሌ ሉያ ያለ የለም። በመስኮቱ ይታየኛል፤ ጋሽ ከድር ከአጥሩ ማዶ አንድ ባጃጅ አጠገብ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። ስጨርስ አባቴ ሳይታሰብ ከፊት ወንበር ተነስቶ፣ በሕዝቡ መካከል አልፎ ወደ በሩ ሄደ። ሲደርስ ባጃጁ ተነስቷል። አባቴ እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ የባጃጁ ጭስ ውስጥ ብዙ ቆመ።

ጋሽ ከድር ቁልፉ ተመለሰለት። እኔም ተመረቅኩ፤ ዲግሪውን ግን ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም። አባቴ ሁለት ጊዜ ጃጁራ ድረስ ሄዶ አጣው፤ ወይም እሱ አልገኝ አለ። ጋሽ ከድር እኔንም መንገድ ላይ ሲያየኝ ዛሬም ሰላም አይለኝም። እናንተ አንባቢዎች “በመጨረሻ ታረቁ” የሚል ጠብቃችሁ ከሆነ አዝናለሁ፣ አልታረቅንም። ይቅርታ መጠየቅ የእኔ ነው፤ መስጠት አለመስጠት የእሱ ነው። ይህንን ለመቀበል ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፣ አንዳንድ ቀን አሁንም ያናድደኛል።

አንድ ነገር ግን ተቀይሯል። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሙከራ ስንሠራ የውሃው ዕቃ ውስጥ የማኅተም ቀለም ጠብ አደርግበታለሁ። ተማሪዎቼም እንደኔ የጸሎት ልጆች ናቸው፣ ሳይጸልዩ እሳት አይለኩሱም። አልከለክላቸውም። እነሱ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እኔ እጄን መቆንጠጫው ላይ አድርጌ፣ አሜን እስኪባል ድረስ ቱቦውን አያለሁ።